በእጅ የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያጉረመርም

ገመዱንና አምፕሊፋየሩን በሌላ ጊታር ሞክራችሁ፣ ጥፋቱ እናንተ በሠራችሁት ላይ መሆኑን አረጋግጣችኋል ብዬ እነሳለሁ። ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ክሮቹን በእጃችሁ ንኩና አድምጡ።

ስትነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ የብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ግራውንድ፣ ማለትም የመሬት ግንኙነቱ፣ ደህና ነው፤ የጎደለው ከውጭ የሚመጣውን ጉርምርምታ የሚከላከል መከለያ ነው። የፒክአፑንና (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) የመቆጣጠሪያውን ጉድጓዶች በመዳብ ቴፕ አልብሱ፣ ቴፑንም ከግራውንድ ጋር አገናኙ። ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ከዚያም በኋላ ትንሽ ማጉረምረሙ ተፈጥሮው ነው።

ስትነኩ ከባሰ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረዋል። ወደየቦታቸው መልሷቸው።

ክሮቹን ስትነኩ ምንም ሳይለወጥ፣ የጃኩን ብረት ስትነኩ ግን ጸጥ ካለ፣ ብሪጁ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም። በእጄ ካለፉት ጊታሮች የአብዛኞቹ ሕመም ይኸው ነው። አንዱ ባለቤት ፒክአፑን ሁለት ጊዜ ቀይሮ፣ ገንዘቡን ጨርሶ ነበር የመጣው። ብሪጁን ፈታሁት፤ ሽቦው ከነፕላስቲኩ ተኝቷል፣ ጫፉ ላይ የተላጠው የጥፍር ያህል እንኳ አይሆንም፣ እሱም ያረፈው ቫርኒሽ ላይ ነው። በሌላኛው ሽቦው በደንብ ተልጧል፤ የብሪጁ ሆድ ግን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም! ርካሽ ብሪጅ የምትገዙ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሽቦውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ላጡት፣ የሽቦውን ቀጫጭን ክሮች እንደ ማራገቢያ ዘርጉና በእንጨቱ ላይ አስተኙ። የብሪጁን ሆድ፣ ሽቦው በሚያርፍበት ቦታ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፉት። ከዚያ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብሪጁ በሁለት ምሰሶ የሚቆም ከሆነ ሽቦው በምሰሶው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በብረት ቀለበቱ ይጨፈለቃል። ባለ ስፕሪንግ ከሆነ ከኋላ ስፕሪንጎቹን በሚይዘው ብረት ላይ ይበየዳል። ከዚያ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከጊታሩ ክር እስከ ጃኩ ግራውንድ ለኩ፤ ከ1 ወይም ከ2 ኦም በላይ ካሳየ ሥራው አላለቀም።

የሽቦው ሌላ ጫፍ የሚበየደው አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ነው። እዚህም ስንፍና በዝቷል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ቁልፍ ተላቆ የወደቀ ብየዳ አጋጥሞኛል። ጀርባውን መጀመሪያ ፈግፉት፤ ቢያንስ ባለ 40 ዋት መበየጃ ከሰፊ ጫፍ ጋር ተጠቀሙ። ደህና ብየዳ ጠርዙ ሳስቶ ብረቱ ላይ ይተኛል፤ የተንጠለጠለ ጠብታ ከመሰለ አልያዘም። መበየጃውን ግን ብዙ አታቆዩ፣ ውስጡ ያለው የካርቦን ትራክ ይቃጠላል። ብየዳው ሳይረጋ ሽቦውን አታንቀሳቅሱ። የመበየጃውን ጭስ አትተንፍሱ።

ከሁሉ በላይ፣ ጉርምርምታውን ለመቀነስ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ ፈጽሞ አትቁረጡ። ብሪጁ፣ ክሮቹና እጃችሁ የተያያዙት ከዚያ ሽቦ ጋር ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል ያልፋል። ይህን ያደረገ ሰው ጊታር ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አምፕሊፋየሩን እንዲያስጠግን ነው።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚታዩ ናቸው። ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ከቀጠነ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። መቆጣጠሪያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ርጩበት። ክፍት ሳለ ሠርቶ ሽፋኑ ሲታሰር ዝም ካለ፣ የጃኩ ምላስ ገመዱ ሲሰካ ተገፍቶ የመዳብ ቴፑን እየነካ ነው፤ በዚያ ቦታ ቴፑ ላይ የማያስተላልፍ ፕላስተር ለጥፉ።