ጫጩቶቹ አላድግ አሉ? መጀመሪያ አምፖሉን እዩት

ባለፈው ሐምሌ 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ደሴ ቤቴ አስገባሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያው እንደመጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ክንፋቸው ላይ ላባ ብቅ ብሏል፣ ሰውነት ግን የለም። 9 ሞቱብኝ። ኮምቦልቻ ያለ ዘመዴ ከኔ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ ነው የገዛው። የሱ እርግብ አክለዋል። ፎቶ እየላከ ያበግነኛል።

መኖ ቀየርኩ። ቫይታሚን ገዛሁ። በመጨረሻ ጎረቤቴ እታለም ቡና ሊጠሩኝ መጥተው እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሰደዱ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ያበራል እንጂ አይሞቅም» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁት። የሰቀልኩላቸው ነጭ ኤልኢዲ ነበር። እንዲያ ቦግ ብሎ ሲታይ ማን ይጠረጥረዋል?

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰውነቷን ሙቀት በራሷ መጠበቅ አትችልም። ከበረዳት የበላችውን ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ታቃጥለዋለች። ለዚህ ነው መኖ እያለቀ ጫጩት የማይጨምረው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጃኬት የምናወልቀው በከንቱ አይደለም። ዘመዴን ያዳነው አየሩ ነው እንጂ አምፖሉማ እንደኔው ነበር።

እና እናንተም ጫጩቶቻችሁ ቀጭጨው ከሆነ፣ መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሌሊት ተነስታችሁ እዩዋቸው

ቀን ማየት ያታልላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ያኔ ብርዱ በርትቷል። በሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ሳትነኳቸው ለሁለት ደቂቃ ቁሙ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ስል ባለ ድምፅ የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ጥግ ላይ ክንፋቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ብቻ ከተኮለኮሉ ከሌላው ወገን ንፋስ ይገባል ማለት ነው፤ በር ሥር ያለውን ክፍተት ፈልጉ። እዚህም እዚያም ተበታትነው የተኙ፣ አንዳንዶቹ የሚበሉ ከሆነ ችግሩ ሙቀት አይደለም። ወደ መኖው እለፉ።

ሲደራረቡ ከታች ያሉት ይታፈናሉ። ስለዚህ የሳጥኑን አራት ማዕዘን በካርቶን አጥፉት፣ ዙሪያው ክብ ይሁን። ከሞቱብኝ 9 አምስቱን ያገኘሁት ጥግ ላይ ተለጥፈው ነው።

አምፖሉን መርምሩ

ክሩ የሚታየው የድሮው ቢጫ አምፖል ከሚወስደው ኮረንቲ ከ90 በመቶ በላዩን ሙቀት አድርጎ ነው የሚያወጣው። ለቤት ኪሳራ ነው፣ ለጫጩት ግን ሲሳይ። 9 ዋት ኤልኢዲ የ60 ዋቱን አምፖል ያህል ያበራል፤ ሙቀቱ ግን ከቁም ነገር አይገባም። ቆጣቢው ጥምዝ አምፖልም ያው ነው። ስለዚህ ወይ የድሮውን 100 ዋት ፈልጉ፣ ወይ ለጫጩት ተብሎ የተሠራውን ቀዩን 250 ዋት የሙቀት አምፖል ግዙ። ቀዩ ውድ ነው፣ ግን ሌሊት ዓይን አይወጋም፣ መነካከስም ይቀንሳል።

ቀዩን ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። በገመዱ አታንጠልጥሉት፣ ሰንሰለት ወይም ሽቦ ይያዘው። የሚታሰርበት ሶኬት የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከታች ጭድ ነው፣ ከወደቀ ቤታችሁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቴርሞሜትር ግዙ። ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጫጩቷ ጀርባ ቁመት፣ ከጉዝጓዙ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ወደ 21 ታደርሳላችሁ። የምትቀንሱት አምፖሉን ከፍ በማድረግ ነው። ቴርሞሜትሩና ጫጩቶቹ ከተለያዩብኝ እኔ የማምነው ጫጩቶቹን ነው።

አንድ የማይታይ ነገር አለ። ማታ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲሰካ ኮረንቲው ይደክማል። ከ220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ 100 ዋት አምፖላችሁ 70 ዋት ገደማ ነው የሚሆነው። በርቷል፣ ግን አያሞቅም። አምፖሉ ቡርቱካንማ ከሆነባችሁ ዝቅ አድርጉት ወይም ሌላ ጨምሩ።

መብራት ሲሄድ

መሄዱ አይቀርም። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። የማይሸት የማይታይ ጋዝ አለው፣ ጫጩቱንም ሰውንም ይጨርሳል። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ሳጥኑ መሃል አስቀምጣለሁ። ከላይ ደግሞ አየር ማስገቢያ ትቼ ብርድ ልብስ አለብሳለሁ። በየሦስት ሰዓቱ ውሃውን መቀየር አለ፣ እንቅልፍ የለም። መብራት ጭራሽ የማይታመንበት ሰፈር ከሆናችሁ ዙሪያው በጭድ የታጨቀ ሳጥን አሠሩ። ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ይሞቃሉ፣ ለመብላት ብቻ ይወጣሉ። ቀላል ነገር ነው፣ ሰው ግን አምፖል ካላየ ዘመናዊ አይመስለውም።

ሙቀቱ ከተስተካከለ፣ ምንቃርና ሆድ

እንደመጡ መጀመሪያ ውሃ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ መኖ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ የደሴ ቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት እኛንም ጥርስ ያንገጫግጫል። መጠጫውን የማታውቀውን ጫጩት ምንቃሯን አንዴ ነከር አድርጉላት፣ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ብርሃኑ መመገቢያውና መጠጫው ላይ ይድረስ፣ ግን ሁለቱንም አምፖሉ ሥር ድቅን አታድርጓቸው። ውሃው ይሞቃል፣ አይጠጡትም።

በማግስቱ አሥር ያህሉን አንስታችሁ አንገታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ያለችውን የእህል ከረጢት በሁለት ጣት ዳብሱ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ጠጥራ ከሆነ ውሃ አላገኙም። ባዶ ከሆነች ወይ በርዷቸዋል ወይ መመገቢያውን አላዩትም።

መኖው የጫጩት ስታርተር (ለመጀመሪያ ሳምንታት የሚሰጠው የጫጩት መኖ) ነው፣ ፕሮቲኑ 20 በመቶና ከዚያ በላይ። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ እየሰጠ «ሥጋ አላወጡም» የሚል ሰው ብዙ አለ። ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት የቅባት እህል ጭማቂ ተረፈ) መጨመር ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን ስታርተርን አይተካም። የአንድ ቀን ጫጩት ከ35 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች። በሳምንቷ ወደ እጥፍ ካልተጠጋች የሆነ ነገር ጎድሏል። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፣ ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ጻፉት።

እግሩ ከተወላገደ

ይሄ ሌላ የብርሃን ጉዳይ ነው። አጥንት እንዲጠነክር ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ዲን ቆዳቸው የሚሠራው በፀሐይ ጨረር ነው። የቤት አምፖል፣ ኤልኢዲ ይሁን የድሮው ይሁን ቀዩ፣ ይህን ጨረር አይሰጥም። የመስኮት መስታወትም ያግደዋል። ፀሐይ በመስኮት እየገባ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ትክክለኛ ስታርተር ቫይታሚኑ ስላለው ያስጥላል፤ በቤት የተቀላቀለ መኖ ግን ላይኖረው ይችላል። ምልክቱ መወላከፍ፣ ቁርጭምጭሚት ማበጥ፣ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ ምንቃር ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሆናቸውን፣ ንፋስ በሌለበት ረፋድ፣ በወንፊት ሽቦ ሥር ለግማሽ ሰዓት አውጧቸው። ጥላ ያለው ጥግ ይኑር። ጭልፊትም አለ፣ ሽቦውን አትርሱ።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልጨመሩ

ኩሱን እዩ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ኩስ፣ ላባ ማንጨብረርና ድብታ ካለ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የሚራባው በእርጥብ ጉዝጓዝ ነው። መጠጫው ሥር የራሰውን ሰጋቱራ ወይም ጭድ በየቀኑ ጥረጉ። የፈንግል ክትባትንም ቀን እንዳያልፍባችሁ፤ የመጀመሪያው በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚሰጠው።

አምፖሉን መቼ ላጥፋ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኮምቦልቻና ከሚሴ በአራተኛው ሳምንት ቀን ቀን ማጥፋት ይቻላል። ደሴ ላይ፣ በተለይ ክረምትና ኅዳር፣ ጀርባቸው በላባ እስኪሸፈን ድረስ ሌሊቱን አልነካውም። ካጠፋችሁት ደግሞ በቀስታ ነው፤ መጀመሪያ ቀን፣ ከሳምንት በኋላ ማታ። የእኔ 51 በስድስተኛው ሳምንት ነው መብራት የተላቀቁት። ማታ ላይ እታለም ገብተው ጨለማውን ሲያዩ «ዛሬስ አደጉ» አሉና መጥረጊያውን አቀበሉኝ።