አዲስ ደንበኛ ቤት ከመሄድሽ በፊት

ጽዳት በግሌ ነው የምሠራው። አለቃ የለኝም፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር «እሷ የት ደረሰች?» ብሎ የሚጠይቅ ቢሮም የለኝም። ስለዚህ ጠያቂውን ራሴው አዘጋጃለሁ። አብዛኞቻችን ሴቶች ስለሆንን «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወንድ ከሆንክ ለራስህ ገልብጠህ አንብበው።

ዋናው ሥራ ስልክ ላይ ነው የሚያልቀው። በጽሑፍ መልእክት ብቻ ላውራሽ የሚል ሰው ቤት አልሄድም፤ ድምፁን መስማት አለብኝ። ሙሉ ስም፣ ትክክለኛ አድራሻ፣ ስልኬን ከማን እንዳገኘ፣ ስሠራ ቤት ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ እጠይቃለሁ። ውሻ አለ ወይ? ስንት ክፍል ነው? በደንብ የጸዳው መቼ ነው? ይሄኛው ዋጋ ለመንገርም ይጠቅማል።

መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም አዳምጪ። ቅን ሰው ቢበዛ ይስቃል እንጂ ይመልሳል። «ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብሎ ከተቆጣ ይቅርብሽ። አንድ ሰውዬ ደውሎ ገና ስለ ቤቱ ሳይነግረኝ «ብቻሽን ነው የምትመጪው?» አለኝ። የሚያደርሰኝ ሰው አለ አልኩት። «ታዲያ እሱ ይመለሳል ወይስ ይጠብቅሻል?» አለ። ስለ ወለሉ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ዋጋው አንድም ቃል የለም። «ይቅርታ፣ ቀኑ ተይዞብኛል» ብዬ ዘጋሁት። ለማታውቂው ሰው ምክንያት የመደርደር ግዴታ የለብሽም።

ሌላም አለ። ገና ሳትሠሪ ከተስማማችሁት በላይ የሆነ ቼክ ይልክልሽና «ትርፉን መልሺልኝ» ይልሻል። የታወቀ ማጭበርበር ነው። ገንዘቡ አካውንትሽ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ከቀናት በኋላ ቼኩ ውድቅ ይሆናል፤ አንቺ የመለስሽው ግን ከራስሽ ኪስ የወጣ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለማየት ብቻ ብሄድ እመርጣለሁ። በቀን ብርሃን፣ ባልዲ ሳልይዝ። ቤቱን አያለሁ፣ ሰውየውን አያለሁ፣ ዋጋ እናገራለሁ፣ እወጣለሁ። ያኔም ቢሆን የምሄድበትን ስምና አድራሻ፣ የምገባበትንና የምወጣበትን ሰዓት ለእህቴ ሳልልክ አልነቃነቅም። ዋትስአፕም ቴሌግራምም ላይ ያለሽበትን ቦታ በቀጥታ ለ8 ሰዓታት ያህል ማጋራት ይቻላል፤ እሱን አበራዋለሁ። ደግሞ የተስማማንበት አረፍተ ነገር አለን። «ሰማያዊውን ጨርቅ ቤት ረስቼዋለሁ» ካልኳት ወዲያው ደውላ ቶሎ ነይ ትለኛለች። ደንበኛው ቢሰማም አይጠረጥርም። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ማብሪያው 5 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫን የአደጋ ጥሪ ይጀምራሉ። ያንቺ ስልክ ላይ ይሄ አገልግሎት መከፈቱን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቀድመሽ እዪ። ባትሪው መሙላቱንማ ልንገርሽ?

ስትገቢ ደንበኛው ከፊት ይሂድ፣ አንቺ ተከተዪ። በሩ እንዴት እንደሚከፈት በዓይንሽ ያዢ። ስልክና ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ። እኔ ለዚህ ብዬ ትልቅ ኪስ ያለው ሽርጥ አሰፍቻለሁ። በባዶ እግር አልሠራም፤ ለቤት ውስጥ የማይንሸራተት ንጹሕ ጫማ እይዛለሁ።

ስለ ሰው ብዙ እናስባለን፣ ሽንት ቤቱን ግን እንረሳዋለን። በረኪና አሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። አንቺ ሁለቱን ላትቀላቅዪ ትችያለሽ። ግን ደንበኛሽ «እንግዳ ልትመጣ ነው» ብላ ጠዋት አንዱን አፍስሳ ቢሆንስ? ስለዚህ ሁሌም «ዛሬ ሽንት ቤት ውስጥ ያፈሰሱት ነገር አለ?» እላለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፣ ውሃ እለቅበታለሁ፣ ከዚያ ነው የራሴን የማወጣው። ስም የሌለበት ጠርሙስ አልነካም። ዓይንሽን ካቃጠለሽ ወይም ካሳለሽ ጥለሽው ንፁሕ አየር ወዳለበት ውጪ፤ ላጥበው ብለሽ አትመለሺ።

ከመጀመርሽ በፊት የተሰነጠቀውን፣ የተጫረውን፣ እጀታው የወለቀውን አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺና እዚያው ለደንበኛው ላኪለት። ኋላ ከሚመጣ ንትርክ ያድናል። ሶፋ ሥር ገንዘብ ካገኘሽ ሳትቆጥሪ አሳዪ። የቆሻሻ ከረጢት በእጅሽ አትጠቅጥቂ፣ ምላጭም ስባሪም ይኖርበታል።

ቀልብሽ ካልወደደው ደግሞ ሥራው መሃል ላይም ቢሆን ውጪ። «ዕቃ ረስቻለሁ፣ መጣሁ» በቂ ነው። ባልዲና መወልወያ ይተካል። ሰዓቱ ሳይሞላ ወጣሁ፣ ስሜ ይጠፋል ብለሽ አትጨነቂ። ከወጣሽ በኋላ ለሚጠብቅሽ ሰው ደውዪ፤ የቀረውን ሂሳብ በስልክ ትጨርሱታላችሁ።

ደንበኛው ወዶሽ የቤቱን ቁልፍ ከሰጠሽ ማንጠልጠያው ላይ ስምም አድራሻም አትጻፊ። እኔ በቀለም ክር ነው የምለያቸው፤ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ቤቴ ነው ያለው።