ጥራጥሬ በልቶ መጥገብና ክብደት መቀነስ እንዴት ይቻላል?

ጥራጥሬ ያከሳል ሲባል ሰማሁና ጀመርኩ። አጀማመሬ ግን የተሳሳተ ነበር። የምበላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ፣ በላዩ ላይ በየቀኑ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ምስር ጨመርኩበት። ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ቀንሶ ይጠብቀኛል ያልኩት ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ጠበቀኝ።

ምስሩ ምን ያድርግ? ቦታ ሳይለቀቅለት ነው የገባው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች አንድ ነገር ላይ ነው፤ ጥራጥሬ ወደ ሳህኑ ሲገባ ከሳህኑ የሚወጣ ነገር መኖር አለበት።

መጀመሪያ ግን ለምን ያጠግባል?

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ ሁሉም ፕሮቲንና ፋይበርን (አሰርን) አንድ ላይ ይዘዋል። ፋይበሩ ውሃ ይመጥና ያብጣል፤ ሆድ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ምግቡም ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ስታርቹ ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ የደም ስኳር ሽቅብ ተወርውሮ ወዲያው አይወድቅም። ነጭ ዳቦ ብቻ በልቶ ከቤት የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሆዱ የሚጮኸው ይህ ሁሉ ስለሚጎድለው ነው።

ቁጥሩን እንየው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 116 ካሎሪ ገደማ፣ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም የሚጠጋ ፋይበር አለው። ያንኑ ያህል የበሰለ ነጭ ሩዝ 130 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ፕሮቲኑ ግን 3 ግራም አይሞላም፣ ፋይበሩ ግማሽ ግራም እንኳ አይደርስም። ልብ በሉ፣ በካሎሪ ብዙም አይራራቁም። ልዩነቱ የሚታየው ከበላችሁ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲያገኝ ይመክራል። አንድ ሳህን ምስር የዚህን ግማሽ ሊሸፍን ይችላል።

ጥናቶቹስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የበርካታ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ የገመገመ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጥራጥሬ የበሉ ሰዎች የጥጋብ ስሜት ካልበሉት በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ይኸው ጥናት ግን ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ሰዎቹ ቀጥሎ ከቀረበላቸው ምግብ ላይ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላደረጉም። ጠግበው ነበር፣ የቀረበላቸውን ግን በሉ። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ 940 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 21 ሙከራዎች ተመለከተ። በቀን 132 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ኩባያ የበሰለ ጥራጥሬ የበሉት ሰዎች በስድስት ሳምንት ውስጥ በአማካይ 0.34 ኪሎ ቀንሰዋል። ካሎሪ ለመቀነስ ባልታሰበባቸው ሙከራዎች ጭምር ክብደት ወርዷል። ትንሽ ነው፣ አልዋሽም። በወር አሥር ኪሎ የሚያስጥል ነገር የፈለገ ሰው እዚህ አያገኘውም። ሳይራቡ ቀስ እያሉ መቀነስ የፈለገ ግን ይቀጥል።

ደረጃ 1፦ የሚወጣውን ምረጡ

ድስት ከመጣዳችሁ በፊት ይህን ወስኑ። ቀላሉ መንገድ ግማሽ በግማሽ ነው። ሩዝ ወይም ፓስታ የምትበሉ ከሆነ ግማሹን አንሱና በቦታው የተቀቀለ ጥራጥሬ አድርጉ። ዳቦ ከሆነ፣ ሁለት ቁራጭ የነበረው አንድ ይሁን።

በካሎሪ ደረጃ ትልቁ ትርፍ ያለው ግን ሥጋ ላይ ነው። 100 ግራም የበሰለ ቅባት ያለው የተፈጨ ሥጋ 250 ካሎሪ አካባቢ ነው። ግማሹን በምስር ብትተኩት ወደ 180 ይወርዳል፤ ጣዕሙ ደግሞ ብዙም አይለወጥም። የተፈጨ ሥጋና ድፍን ምስር አብረው ሲበስሉ መለየት ይከብዳል። ቤት ውስጥ «እኔ ጥራጥሬ አልወድም» የሚል ሰው ካለ፣ ሳትነግሩት ከዚህ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ከቀላሉ ጀምሩ

ክክ ምስር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል። ለሆድም ቀለል ይላል። ሽምብራና ቦሎቄ በኋላ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው ፎሶሊያ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚቆጠረው ከአትክልት ነው፤ የደረቅ ጥራጥሬን ያህል ፕሮቲን የለውም። ሁለተኛው ኦቾሎኒ ነው። በዘሩ ከጥራጥሬ ወገን ይሁን እንጂ 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። «ጥራጥሬ ነው» እያሉ በእፍኝ በእፍኝ የሚቆረጥም ሰው አይከሳም።

ደረጃ 3፦ ሆዳችሁን አለማምዱ

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ሆዴን ነፋኝ ይላል፣ ይተወዋል።

ጥራጥሬ ውስጥ ትንሹ አንጀታችን ሊፈጫቸው የማይችል ራፊኖስና ስታክዮስ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች አሉ። ሳይፈጩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያገኟቸውና ሲበሏቸው ጋዝ ይፈጠራል። በሽታ አይደለም። ግን ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቀልድም አይደለም።

መላው ቀስ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ግማሽ ኩባያ ከፍ በሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሦስት አራተኛ ኩባያ ላይ ትደርሳላችሁ። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው ሆድ ይለምዳል፣ ንፋቱም ይቀንሳል። ውሃ መጠጣት አትርሱ፤ ፋይበር ያለ ውሃ ሆድ ድርቀት ያመጣል። ደግሞ ቀስ ብላችሁ አኝኩ።

ደረጃ 4፦ በደንብ ዘፍዝፉ፣ በደንብ ቀቅሉ

ሽምብራን፣ ባቄላንና ቦሎቄን ማታ ዘፍዝፋችሁ ብታድሩ ጥሩ ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ውሃው ከጥራጥሬው በሦስት እጥፍ ይብለጥ፤ ያብጣልና። ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ አጥባችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱ። ጋዝ ከሚያመጡት ስኳሮች የተወሰኑት ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳሉ።

መዘፍዘፊያው ላይ ትንሽ ጨው ብትጨምሩ ቆዳው ይለሰልሳል። «ጨው ያጠነክረዋል» የሚባለውን አትስሙ። የሚያጠነክረው ቲማቲምና ሎሚ ነው። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ድስቱ ሰዓታት ቢቆይም ፍሬው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት። ብዙ የከረመ ጥራጥሬም እንዲሁ አልበስል ይላል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል፣ ቫይታሚን ቢ1ን ግን ይቀንሳል። በየጊዜው አልጠቀምበትም።

አሁን ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ፤ ቀዩን ቦሎቄ በፍጹም ጥሬውን ወይም ግማሽ በስሎ አትብሉ። ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ነገር አለው። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለእርግጠኝነት ደግሞ 30 ደቂቃ ይፍላ። በዝቅተኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓት የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች መርዙን ላያጠፉት ይችላሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ምድጃ ላይ ሳታፈሉት እዚያ አትክተቱት። በቆርቆሮ የታሸገው ቀድሞ ስለበሰለ ይህ ስጋት የለበትም።

መብሰሉን ለማወቅ አንድ ፍሬ በሁለት ጣት ተጫኑ። ያለ ትግል ከፈረሰ አልቋል።

ደረጃ 5፦ ዘይቱን በማንኪያ ለኩ

ጥራጥሬ ያወፍራል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዘይት እንደሚገባበት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ከጠርሙሱ በዓይን ግምት የሚንቆረቆረው ደግሞ ሦስት ማንኪያ ሊሞላ ይችላል። ይህ 360 ካሎሪ ማለት ነው፤ ከ300 ግራም የተቀቀለ ምስር ይበልጣል። እንግዲህ ያወፈረው የቱ ነው?

ለአንድ ሰው ድርሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ጣዕሙን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ከሙንና መጨረሻ ላይ የሚጨመር ሎሚ ይሸፍኑታል። ሎሚው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቫይታሚን ሲ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ በተቃራኒው ያግደዋል። ሻይ የምትወዱ ከምግቡ ጋር አታድርጉት፣ አንድ ሰዓት ቆዩ።

ደረጃ 6፦ ከቀኑ መጀመሪያ ላይ ብሉት

እ.ኤ.አ. በ1982 ዴቪድ ጄንኪንስ የተባለ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ጠዋት ምስር የበሉ ሰዎችን ጠዋት ዳቦ ከበሉት ጋር አነጻጸሩ። ምሳ ላይ ሁሉም ተመሳሳይ ምግብ በሉ። ምስር የበሉት ሰዎች ደም ስኳር ከምሳ በኋላም ብዙ አልወጣም። የጠዋቱ ምስር ለምሳ ተርፏል ማለት ነው።

እኔ ጠዋት ምስር አይወርድልኝም። ምሳ ላይ ነው የምበላው፤ በተለይ ከዳቦውና ከሩዙ በፊት ጥቂት ጉርሻ ጥራጥሬ ብቻ እወስዳለሁ። ከዚያ የቀረውን የመብላቱ ጥድፊያ ይቀንስልኛል።

ደረጃ 7፦ በሳምንት አንዴ ቀቅሉ

ሥራ ውላችሁ ማታ ሽምብራ ልትጥዱ አትችሉም። አንድ ኩባያ ደረቅ ጥራጥሬ ሲቀቀል ሁለት ኩባያ ተኩል ገደማ ይሆናል። በእረፍት ቀን በዛ አድርጋችሁ ቀቅሉ፤ ለሦስት አራት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የተረፈውን በየድርሻው ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የታሸገ ከሆነ ፈሳሹን ድፉና በውሃ አለቅልቁት፤ ከጨው የሚገኘው ሶዲየም በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ማን ይጠንቀቅ?

ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ መብላት የለባቸውም፤ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፖታሲየም ስለሚያሳስበው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ፤ ዳቦው ሲቀንስና ጥራጥሬው ሲጨምር ስኳሩ ከለመደው በታች ሊወርድበት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ስጡት። በየቀኑ ሚዛን ላይ አትውጡ፤ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከመብላታችሁ በፊት ይበቃል። ከስድስት ሳምንት በኋላም ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ጥራጥሬውን ከመጨመራችሁ በፊት የዘይቱን ማንኪያ ቁጠሩ። ከዚያ ይወጣል ያላችሁት ዳቦ በእርግጥ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። የእኔ አልወጣም ነበር፤ ከምስሩ ጎን ቁጭ ብሎ አገኘሁት።