ፎቶ ከማሳደጋችሁ በፊት አሳንሱት

በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደበዘዘ ፎቶ አለ እንበል። ለማሳተም ስታሳድጉት ብዥታውም አብሮ ያድጋል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ በግማሽ አሳንሱት፣ ከዚያ አሳድጉት።

ለማሳነስ ጊምፕ (GIMP) የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃል፤ ነጻ ነው። «ኢሜጅ» ውስጥ ገብታችሁ «ስኬል ኢሜጅ» በሉና 50 በመቶ አድርጉት። ስታስቀምጡት ፒኤንጂ (PNG) በሚባለው የፋይል ዓይነት ይሁን፤ ጄፔግ (JPEG) እንደገና ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ቀጥሎ አፕስኬል (Upscayl) በሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም 4 እጥፍ አሳድጉት። የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሆነ የቤተሰብ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ መጫን አይጠበቅባችሁም። የግራፊክስ ካርዱ ደካማ ከሆነ ግን ቡና አፍልታችሁ ጠብቁ።

ዘዴው የሚሠራው ለምንድን ነው? ደብዛዛ ፎቶ ፒክስሉ (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ቢበዛም በውስጡ ያለው ዝርዝር ጥቂት ነው። ስታሳንሱት ብዥታውና የመጨመቁ ጠባሳ አብዛኛው ይዋጣል። ፕሮግራሙም ጠርዙ የለየ መነሻ ያገኛል።

ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ህትመት 1181 በ1772 ፒክስል ከበቂ በላይ ነው፤ ዝም ብላችሁ አታግዝፉት።

ትንሽ ግን ጥርት ያለ ፎቶ ካላችሁ ማሳነሱን ዝለሉት፤ ያለውን ዝርዝር ታጠፋላችሁ። ለመታወቂያ ፎቶና ለሰነድም አትጠቀሙበት። ፕሮግራሙ የጎደለውን በግምት ነው የሚሞላው፤ የሰው መልክ ሊቀይር ይችላል። በፊደላችን ላይማ አይጣል ነው! አንዲት ቅጥያ ከጠፋች «ሉ» «ለ» ሆና ቁጭ ትላለች። ሰነዱን እንደ አዲስ ስካን አድርጉት።