ሰሜን ተራሮች ላይ ለምታድሩ

ሳንቃበር አካባቢ የምታድሩ ከሆነ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብስ መደራረብ ብቻ አያዋጣም፣ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አያሞቅም፤ አልጋው ራሱ ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቃችሁ።

እራት ላይ ማድ ቤት ያሉትን የፈላ ውሃ ጠይቁ። የብረት ኮዳ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ፣ ገልብጣችሁ እንደማያንጠባጥብ እዩ፣ ከዚያ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ከታችሁ ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እግርጌ አስገቡት። ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ እግር ከሞቀ ደግሞ እንቅልፍ ይመጣል። ጠዋት ለብ ባለው ውሃ ፊታችሁን ትታጠባላችሁ።

ሙቀት የሚይዝ ቴርሞስ አይሆንም፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ አያወጣም። በሃይላንድ ፕላስቲክም አትሞክሩት፣ ይጨማደድና ያፈሳል። ለሕፃን አልጋ ግን በፍጹም፣ ያቃጥላል።