ኢግሪጀስ የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል እንዳትሸውዳችሁ ምን ላድርግ ለምትሉ

ኢግሪጀስ (egregious) የምትባል ቅፅል አለች፣ ዛሬ በጣም መጥፎ፣ አይን ያወጣ ማለት ናት፣ ተራ ወሬ ላይ ብዙም አትሰማም፣ የፍርድ ቤት ፅሁፍና ኮስተር ያለ ዜና ላይ ግን ታጋጥማችኋለች። ዲክሽነሪ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ይዛችሁ ከወጣችሁ የድሮ ፅሁፍ ላይ ጉድ ትሰራችኋለች።

መጀመሪያ ቃሏን በትኗት። ከላቲን ነው የመጣችው፣ "ኤ" ከውስጥ መውጣትን ነው የሚያሳየው፣ "ግሬክስ" ደሞ መንጋ ነው፣ በቃ ከመንጋው ተለይቶ የወጣ ማለት ነው። ሴግሪጌት (መነጠል)፣ ኮንግሪጌሽን (ጉባኤ) ምናምን የሚባሉትም የዚሁ መንጋ ዘመዶች ናቸው።

ከዛ ፅሁፉ መቼ እንደተፃፈ እዩ፣ ዋናው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስትገባ ምርጥ፣ ስመ ጥር ማለት ነበረች፣ ግን ክፍለ ዘመኑ እንኳን ሳያልቅ ሰው ለመጥፎ ነገርም ይላት ጀመር። ምክንያቱ ምፀት ሳይሆን አይቀርም ነው የሚባለው፣ እኛ ብርጭቆ የሰበረን ልጅ "ጎበዝ! በርታ!" እንደምንለው፣ እንደዛ እየተባለ እየተባለ ሙገሳው ተረሳና ስድቡ ቀረ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው ዲክሽነሪ ገና ሁለቱንም ትርጉም አስቀምጧል። ትልቁ የኦክስፎርድ ዲክሽነሪ ደሞ ለየትርጉሙ ጥቅሶቹን ከነዓመተ ምህረታቸው ከጥንቱ ጀምሮ ስለሚደረድር ካገኛችሁት እዛ ላይ ጊዜ አጥፉ፣ ያዋጣል።

የድሮ ፅሁፍ ሆኖ ካላወቃችሁት አጠገቧ ያለውን ስም እዩ። ሼክስፒር ሲምበሊን በሚባለው ቲያትሩ ላይ አንዱ ገፀ ባህሪ ራሱን "ኢግሪጀስ ነፍሰ ገዳይ" ሲል ሙገሳ እንዳልሆነ ግልፅ ነው፣ አጠገቧ ያለው አዋቂ ወይ ጀግና ከሆነ ግን ቆም በሉ፣ አድናቆትም ፌዝም ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ራሳችሁ ስትፅፉ ለመጥፎ ብቻ ተጠቀሙባት፣ የኛ "አይን ያወጣ" ልክክ ይላል፣ አይን ያወጣ ስህተት፣ አይን ያወጣ ውሸት። ለትንሽ የፊደል ግድፈት አታውጧት፣ ትከብዳለች። ሰውን ለማድነቅማ ፈፅሞ፣ ቀድሞ ሙገሳ ነበር ብላችሁ ብታስረዱም የሚሰማችሁ የለም።

ጣልያኖች ጋ ግን ቃሉ ክብሩን አልጣለም፣ ደብዳቤ ሲፅፉ "ኤግሬጆ" ብለው ይጀምራሉ፣ የተከበሩ እንደማለት ነው፣ እና እንደዛ ተብሎ ቢፃፍላችሁ ተሰደብኩ ብላችሁ እንዳትቆጡ።