መኪናው ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፦ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት

መብራት ይዟችኋል እንበል። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስትነሱ ደግሞ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበት የለውም። ጋራዥ ስትገቡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ «ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው እሳት ሰጪ) ይቀየር» ነው፣ ካልሆነ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል፣ እሱም ካልሆነ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ይታጠብ እየተባለ ሂሳቡ ይቆለላል። ግምቱ አንዳንዴ ይሳካል። እኔ ግን የትኛው ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል) እንዳልሰራና መቼ እንደሚብስበት ሳይታወቅ ብር አይወጣም ባይ ነኝ።

ከሁሉ በፊት የቼክ ኢንጂን መብራቱን እዩ። በርቶ ከቀረ፣ ቀስ እያላችሁ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጅ መስጠት አቁሙና ጥግ ያዙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እያለፈ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከልክ በላይ ያግለዋል። የእሱ ዋጋ ደግሞ ከኮይል ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የስህተት ኮድ ይነበብ። ከመሪው ስር ካለው ሶኬት ላይ የምትሰካውና ከስልክ ጋር የምትገናኘው ትንሿ ማንበቢያ ለዚህ ትበቃለች። ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ከሆነ ችግሩ አንድ ሲሊንደር ላይ አልረጋም ማለት ነው፤ ያኔ አየር ወይም ነዳጅ ጠርጥሩ።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲጠራ

እዚህ ጋ ምንም ሳትገዙ የምትሰሩት ፈተና አለ። ኮዱ ፒ0302 ነው እንበል። ሞተሩን አጥፉ፣ የሁለተኛውን ኮይል ነቅላችሁ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ አድርጉ፣ ኮዱን አጥፍታችሁ ትንሽ ንዱት። አዲሱ ኮድ ፒ0303 ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ አንዱን ብቻ ግዙ። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቆመ ኮይሉ ነፃ ነው፤ ካንዴላዎቹን በተመሳሳይ መንገድ አቀያይሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ኢንጀክተሩ፣ የኮይሉ ሶኬትና ሽቦ፣ ወይም የሞተሩ ኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይቀራል። በብዙዎቹ የቶዮታ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ቁጥር አንድ የሚባለው በቺንጋው በኩል ያለው ነው።

ኮይሉን ስትነቅሉ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካያችሁ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት አልቋል። ጋስኬቱ ሳይቀየር አዲስ ኮይል ብታስገቡ እሱም ይበላሻል። ውሃ ከሆነ ያገኛችሁት፣ ላቫጆ ሞተር አሳጥባችኋል ማለት ነው። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር አስነፉት፣ ኮይሉንም አድርቁት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል።

የካንዴላው ጫፍም ይናገራል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል፣ በዘይት ከራሰ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ ከነጣ ደግሞ ነዳጅ አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። ኢሪዲየም ካንዴላ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፣ ተራው ከዚያ በጣም ያንሳል። አስመስለው የተሰሩ ስላሉ ዋጋው ሲረክስባችሁ ተጠራጠሩ። ስታስሩት ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ በእጅ እያዞራችሁ ጀምሩ። ካንዴላው የሚታሰርበት የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው።

ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይስተካከላል

ይሄ የአየር ማፍሰስ ጠባይ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚገባው ጎልቶ ይታያል፣ ሞተሩ ሲፈጥን ግን ይሸፈናል። ለአየሩ የሚገባው ነዳጅ አንሷል የሚለው ኮድ ፒ0171 አብሮ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፉጨት አዳምጡ፣ ቱቦዎቹን በእጅ ጫን ጫን አድርጉና የሞተሩ ድምፅ ይቀየር እንደሆነ ስሙ። ካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ የሚፈልጉ መካኒኮች አሉ። ይሰራል፣ ግን የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ እሳት መጫወት ነው። ቱቦው ደህና ከሆነ የጠቆረው የአየር ማስገቢያ በር (ትሮትል) ይጽዳ፤ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ከሆነ ክዳኑን በጣት አትግፉት።

ዳገት ላይ ብቻ ሲንተፋተፍ

ወደ እንጦጦ ስትወጡ የሚጀምር ከሆነ ሸክም ሲበዛበት የሚደክም ኮይል፣ የተዘጋ የቤንዚን ፊልትሮ ወይም የደከመ ፖምፓ ፈልጉ። የነዳጁ ግፊት በጌጅ ይለካ።

ኮምፕረሽን ስታስለኩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ጌጁም የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚህ ብቻ «ሞተሩ ሞቷል» ቢሏችሁ አትደንግጡ። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። ዝቅተኛ በተነበበው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምሩና እንደገና ይለካ፦ ግፊቱ ከጨመረ የፒስተን ቀለበት፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጋስኬት ነው። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ሞተሩም ነጭ ጭስ አላቋርጥ ካለ ጋስኬቱን አስቀድሙ፣ መኪናውንም አትንዱት።

ምንም ኮድ ሳይኖር፣ ዙሩም ሳይዋዥቅ፣ ማርሽ ዲ ላይ ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከነዘረ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዙት የጎማ መደገፊያዎች አልቀው ይሆናል። ባለ 1 ሊትሩ ቪትዝ 1ኬአር ሞተር ካለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ትንሽ መንዘር ተፈጥሮው ስለሆነ ኮይል አትግዙለት።